የስንጥቅ ንባብ

ግንቦት ነው። የድሬ ፀሐይ ቆርቆሮውን ታፋጫለች፤
ማራገቢያዋ ሦስት ክንፍ ይዛ በሁለቱ ትዞራለች።
አርባ ሰልጣኝ፣ አርባ ደብተር፣ አርባ ውሃ በፕላስቲክ፤
የቢሮው ሰው በመንገድ ላይ፣ "ደርሻለሁ" ይላል በስልክ።
ከሰሌዳው በላይ ሰፊ ጨርቅ ተሰቅሏል ከነጽሑፉ፣
"ዩኒቨርሲቲውና መንግሥት ለመልሶ ግንባታ" ይላል፤ ተልጧል አንዱ ጫፉ።

እኔ መምህር ነኝ። የሲቪል። የምሰሶና የብረት።
የማውቀው ጭነት ሲወርድ ነው፣ ከጣሪያ እስከ መሠረት።
ቅጽ ሦስትን አደልኳቸው።
ሦስት ሣጥን አለው፦ ቀላሉ፣ መካከለኛው፣ ከባዱ፤
ስንጥቁን በሚሊ ለክቶ አንዱን መምረጥ ነው መንገዱ።

ከኋላ አንድ እጅ ብቅ አለ፣ ኖራ የላሰው፣ የከሳ፤
ይመር፣ የራያው ግንበኛ። ጠየቀኝ ከወንበሩ ሳይነሣ፦
"መምህር፣ ግድግዳው ደህና ነው፤ ቱምቢ ብትጥል ቀጥ ያለ።
ግን ማንም አይገባበትም። ደጁ ላይ ያድራል ደጁ የዋለ።
እሱን በየትኛው ልጻፈው?"

ሦስቱን ሣጥን አየኋቸው።
ማራገቢያዋ ትጮኻለች።
"ከሻይ በኋላ" አልኩት።

በማግሥቱ ለተግባር ልምምድ ደቻቱ ዳር ወረድን፤
ውሃ የለው፤ አሸዋው ላይ ፍየል አለፈች፣ እኛም አለፍን።
ደቻቱ እንዲህ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ወንዝ መሆኑን ይረሳል፤
ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን፣ በአንድ ሌሊት ያስታውሳል።
ከዳሩ አንድ ቤት አለ፣ ግማሹ ቆሞ የቀረ፤
ለሰልጣኞቹ "ናሙና" አልኩት። የእኛ ቤት ነበረ።

"ስንጥቅ ይነበባል" አልኩ፤ "እንደ ፊደል፣ ከላይ ወደ ታች፤
ደረጃ ሠርቶ ከወረደ፣ መሬቷ ናት የሸሸች።"
ይመር ቃሌን አልጠበቀም። ሌባ ጣቱን አስገብቶ
ዳበሰው እንደ ወጌሻ፣ ጆሮውን አስጠግቶ።
"ይሄ የቆየ ነው" አለ። "ሸረሪት አድርታበታለች።
ያረፈ ነው ወይስ ይሄዳል? እሷን ነው ወረቀትህ ያልጠየቀች።"

"ገጽ አርባ አንድ!" አልኩ፤ ደስ አለኝ፣ የማውቀው ላይ ስለደረስኩ፤
ጄሶ በጣሳ በጥብጬ፣ ስንጥቁን አቋርጬ ለጠፍኩ።
ቀኑን በሚስማር ጫርኩበት፦ ግንቦት አሥራ ሁለት።
"ጄሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው ገና መንገደኛ ነው፤ ተጠንቀቁለት።
ካልተሰነጠቀ፣ ቆሟል።"
"ስንት ቀን እንጠብቅ?" አለች ጦይባ፣ የከሚሴዋ።
"ክረምቱ እስኪያልፍ" አልኩ።
ሥልጠናው አሥር ቀን ነው።

በአሥረኛው የቢሮው ሰው ደረሰ በነጭ መኪና፤
ንግግር፣ ጭብጨባ፣ ምስክር ወረቀት፣ ፎቶ፤ አበሉ ገና።
ይመር ቅጹን መለሰልኝ፣ ሦስቱን ሣጥን ባዶ ትቶ፣
ከግርጌ "አስተያየት" የሚለውን በእርሳስ ሞልቶ፦
"ቤቱ ቆሟል። ሰዉ ገና ይሄዳል።"

በመስከረም ደወለ። ድምፁ ይመጣል፣ ይሄዳል።
"አሥራ አንድ ቤት ለጠፍኩ፤ ዘጠኙ ይዟል፤ ሁለቱ ተሰንጥቋል።
አንዱ የኔ ነው።"
"ከዘጠኙ ነው ከሁለቱ?"
መስመሩ ተቋረጠ።

ቅጹ ላይ አራተኛ ሣጥን ጨምሬ፣ ስም አጥቼለት፣
እንዲሁ ባዶውን ላክሁት።
"የኅትመት ስህተት ይታረም" የሚል ደብዳቤ መጣልኝ፣
ማኅተሙ ደምቆ፣ ቁጥሩ ረዝሞ፤ መሳቢያዬ ውስጥ አለልኝ።

ዛሬ ፀሐይዋ ስትበርድ ከሳቢያን በባጃጅ ወረድኩ።
ደቻቱ ዳር፣ የስልኬን መብራት ከፍቼ ቆምኩ።
ከክረምቱ ጎርፍ የቀረ ጭቃ ደርቋል በየደጁ፤
ጎረምሶች አሸዋው ላይ ኳስ ይዘዋል፣ "አቀብለኝ!" እያለ ይጮኻል አንዱ።
ሚስማሩ የጫረው ይነበባል፦
ግንቦት አሥራ ሁለት።
ከሱ በታች አቧራ ለብሷል።
ጣቴን ገና አላሳረፍኩበት።